የአንገት ጨርቅ

በሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር፣ ድሬዳዋ ላይ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሲሆን ሳይረን ይጮኻል። ከዚያ በኋላ ደጅ የሚገኝ ሰው ወይ አምቡላንስ ነጂ ነው፣ ወይ ለይቶለታል። ባጃጁ ይቆማል፣ የሱቁ መዝጊያ ይወርዳል፣ ውሻው ሳይቀር የሰው በር ይገፋል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከተማው በሙሉ ቤት ውስጥ ነው። በቀን ስድስት ሰዓት ቤት ተዘግቶበት የሚውል ሕዝብ ደግሞ ነጋ ጠባ ስለ ቤት ቢያወራ አይፈረድበትም። ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ሲመጡ የልጅቷ አባት መጀመሪያ የሚጠይቀው የልጁን ሥራ አይደለም፤ "ቤቱ ስንት ዲግሪ ነው?" ይላል። "ሃያ ስድስት" ከተባለ ሽማግሌዎቹ ምሳ ይቀርብላቸዋል። "ሠላሳ አንድ" ከተባለ ልጅቷ ትምህርቷን አልጨረሰችም ይባልና በክብር ይሸኛሉ።

የሽመክት ቤት ሃያ ዘጠኝ ነበር።

ሃያ ዘጠኝ መጥፎ አይደለም፤ ለሌላ ሰው ማለቴ ነው። ሽመክት ግን ቅዝቃዜ ነዳፊ ነው። ጣሪያ ላይ ፀሐይ የሚሰበስበውን መስታወት፣ ከዚያ ሙቀት ቅዝቃዜ የሚያወጣውን ማሽን፣ ቅዝቃዜውን ክፍል ለክፍል የሚያዞረውን ቧንቧ ወረቀት ላይ ሲያሰላ ነው የኖረው። የራሱን ቤት የነደፈውም ራሱ ነው። ታዲያ ሚስቱ ዘርፌ በየቀኑ ሳይረኑ ሊጮህ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ትራሷን ብብቷ ስር ሸጉጣ ወዴት ነው የምትሄደው? እህቷ ቤት። እህቷስ የት ነው የምትኖረው? ኢፍቱ ቤት።

"ኢፍቱ ቤት" ማለት ኢፍቱ ሙሜ የምትባለው ነዳፊ የሠራችው ሕንፃ ማለት ነው። በከተማው ሰባት አሉ፤ ሰባቱም እንደዚያው ነው የሚጠሩት። የሽመክት ሕንፃዎች አሥራ ዘጠኝ ናቸው። የሚጠሩትም በቁጥር ነው፦ ብሎክ አርባ ሁለት፣ ብሎክ ሃምሳ። አንድ የእግዜር ፍጡር፣ አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ "ሽመክት ቤት ነው የምኖረው" ብሎ አያውቅም። ይህ ነገር ሰውየውን ያንገበግበዋል።

ዘርፌ ማምሻውን ስትመለስ ጉንጯ ቀዝቃዛ ነው። በሩ ላይ ሲስማት ከንፈሩ ያርፍበታል፤ ሌላ ሰው የሠራው ቅዝቃዜ ላይ። የሚስቱን ስልክ የሚበረብር ባል አለ አይደል? ሽመክት ጉንጯን ነው የሚለካው። ሃያ አራት ይሆናል ይላል በልቡ። ሃያ አራት! በምን አባቷ ነው ሃያ አራት ያደረገችው? ከዚያ እራት ይቀርባል፤ ይበላል፤ ምንም አይናገርም። ተናግሮማ ቢሆን እንዴት በቀለለው ነበር።

ነገሩን ለመረዳት ሰውየው ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ሽመክት የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ሙያውን የጀመረውም በማሞቂያ ነው። በልጅነቱ ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳር ሲገባ ደጅ ያደረ የባልዲ ውሃ ፊቱ በረዶ ሠርቶ ይነጋ ነበር። እሱ በጣሪያ ፀሐይ የሚሞቁ ትምህርት ቤቶችና ሆቴሎች ነድፎ ስሙ ተጠራ፤ በሩ ግጥም፣ መስኮቱ ድርብ፣ አንዲት ትንፋሽ የማታሾልክ ቤት የሱ እጅ ሥራ ነበረች። በኋላ ብርዱ እየሳሳ ሄደ። አንድ ዓመት ኅዳር ላይ ካፖርት የለበሰ ሰው ጠፋ። በሁለተኛው ዓመት ደንበኞቹ እየደወሉ "ኧረ እባክህ ይህን ማሞቂያህን ንቀልልን" ይሉት ጀመር። ነቀለላቸው። ዘርፌን ይዞ ወደ ድሬ ወረደ። ሙያው ያው ነው፤ ፀሐይ ነው፣ ቧንቧ ነው፣ ግድግዳ ነው። ድሬ ግን በሰው ካልቀለደ አይዋጥለትም። "ማሞቂያው" አሉት። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ "ማሞቂያው" ነው።

ኢፍቱ ብቅ ያለችው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። የሙያ ማኅበሩ ጉባኤ ላይ ንድፏን ይዛ ቀረበች፤ ሽመክት ከገምጋሚዎቹ አንዱ ነበር። "ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚቆም ሰው የለም" አለች። "ፍራሽ ዘርግቶ፣ ትራስ ተደግፎ፣ መሬት ላይ ነው የሚውለው። ጣሪያ ስር ያለውን አየር ማን ይጠቀምበታል ብለን ነው የምናቀዘቅዘው? እኔ ቅዝቃዜውን ከወለል እስከ ተቀመጠ ሰው ጭንቅላት አደርሰዋለሁ። ከዚያ በላይ ያለው ይሙቅ፣ ምን አገባኝ።" ግማሽ መስታወት፣ ግማሽ ቧንቧ። ሽመክት እጁን አወጣና "ቆሞ ልብሱን የሚለብሰው ሰውስ?" ብሎ ጠየቃት። "ቶሎ ይልበሳ!" አለችው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያ ሳቅ ሽመክት ጆሮ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልበረደም። ሳቁ ብቻ ቢሆን ደግሞ ደግ ነበር። ድሬ ላይ ያኔ አሥራ አንድ ዓመት ኖሮ ነበር፤ ጎረቤቶቹ መሬት ላይ ሲውሉ በየቀኑ በዓይኑ ያያል። እሱ ግን ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው። አላሰበውም። አንድም ቀን ወርዶ ከጎናቸው አልተቀመጠም። አንዲት የሠላሳ አራት ዓመት ሴት መጥታ ዓይኑ ስር የነበረውን ነገር አንስታ ወሰደችበት። ቀና። እንዴት አድርጎ ቀና! ሕንፃዋ ባለበት መንገድ ላለማለፍ ዞሮ እስከ መሄድ ድረስ ቀና። ይህን ታዲያ ማንም እንዳላወቀበት እርግጠኛ ነበር። ስሟ ሲነሳ "ጎበዝ ልጅ ናት" ይላል፣ ፊቱን እንደ ዳኛ አድርጎ።

አሁን ወደ ዘንድሮ ግንቦት።

በዚህ ከተማ አዲስ ሕንፃ የሚከፈተው በመቀመጥ ነው። ቀድሞ በቴርሞሜትር ነበር። ከዚያ አንድ ሕንፃ ግድግዳው ላይ ያለው መለኪያ ሃያ ሰባት እያሳየ አንድ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ አዛውንቶች ሞተው ተገኙ፤ መለኪያው ሃያ ሰባት እንዲል ተደርጎ የተሰቀለ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከተማው የሚያምነው የሰው አንገት ብቻ ነው። ነዳፊውና ከማኅበሩ በዕጣ የወጣ አንድ አጣማጅ በግንቦት የመጨረሻ ሳምንት፣ አጣማጁ በመረጠው ክፍል፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አንገታቸው ላይ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይታሰራል። ሲያበቃ ጨርቆቹ ይመዘናሉ። ከሁለቱ የአንዱ ጨርቅ እንኳ ላብ ጠጥቶ ከአሥር ግራም በላይ ከጨመረ ሕንፃው ወደቀ። ነዳፊው ሦስት ዓመት ብዕር አይነካም። ሊገቡ የነበሩት ሰዎችም እስከሚቀጥለው ግንቦት ባሉበት ይቆያሉ።

ዘንድሮ ተራው የኢፍቱ ስምንተኛ ሕንፃ ነበር። ሊገቡበት የሚጠብቁት ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ኮንቴይነር ሰፈር ያሉ ስልሳ አራት ቤተሰቦች ናቸው። እዚያ ሰው ቀኑን የሚገፋው አንሶላ ውሃ ውስጥ ነክሮ ተጠቅልሎ ነው። አንሶላው በሃያ ደቂቃ ይደርቃል፤ እንደገና ይነከራል። ባለፈው ግንቦት ከዚያ ሰፈር ዘጠኝ ሬሳ ወጥቷል።

የአጣማጅነቱ ዕጣ ለሽመክት ወጣ።

መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበበው። ደስታ ነው እንዳልል የደስታ አይደለም። ዘርፌ ከትከሻው በላይ አጮልቃ አነበበችው።

"መልሰው" አለችው።

"ምኑን?"

"ዕጣውን ነዋ። ሌላ ሰው ይቀመጥ።"

"ለምን ሲባል?"

"ስለምትቀና።"

"እኔ? በማን? በዚች ልጅ?"

"አርባ አምስት ዓመቷ ነው ሽሜ፣ ምኗ ነው ልጅ?"

"ዘርፌ፣ ሥራ ነው። ሥራዬን ነው የምሠራው" አለና ተነሥቶ ቧንቧውን የሚፈትሽ መሰለ። ምኑም ያልተበላሸውን ቧንቧ አንኳኳ። ዞር ብሎ ያላሰበውን ጠየቀ። "እዚህ መተኛት ያቅትሻል እንዴ? ምን ጎደለሽና ነው ትራስ ተሸክመሽ የምትዞሪው?"

ዘርፌ መልሱን ፈልጋ አላጣችውም። "እዚህ እጋደማለሁ" አለችው። "እዚያ እተኛለሁ።"

ሽመክት ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ቢሮውን ዘግቶ የኢፍቱን ንድፍ አነበበ። የቧንቧውን መስመር ቆጠረ። የመስታወቱን ብዛት አየና ሳቀ፤ እንደ ሁልጊዜው ግማሽ ነው። ቅዝቃዜው ወለል ላይ ነው፣ ከላይ ያለው ይሙቅ፣ ምን አገባት! ከዚያ የፈተናውን ደንብ አወጣ። ደንቡ "ወንበር ላይ ይቀመጣሉ" ይላል። የወንበሩን ቁመት አይናገርም። የሽመክት ቢሮ ውስጥ ሁለት የመንደፊያ ወንበሮች አሉ፤ ረጃጅሞች፣ መወጣጫ ያላቸው። እነሱ ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላቱ ከቆመ ሰው እኩል ነው። እንግዲህ እናያታለን፣ አለ በልቡ። ቶሎ ይልበሳ አይደል ያለችው?

የፈተናው ዕለት ሳይረኑ ሳይጮህ ወንበሮቹን በጭነት ባጃጅ አስጭኖ ደረሰ። የመረጠው አምስተኛ ፎቅ፣ ምዕራብ ጥግ ያለውን ክፍል ነው፤ ፀሐይ ስታዘነብል መጀመሪያ የምትመታው እሱን ነው። ከስልሳ አራቱ ቤተሰብ አንድ አንድ ሰው መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ተደርድሯል፤ የክፍሉ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የማኅበሩ ሰዎችም አሉ። ዘርፌም መጥታለች። "ምን ልትሠሪ መጣሽ?" ቢላት "አንተን ልጠብቅ" አለችው።

መዝጋቢው ሒርሲ የሚባል ቀጭን ሰው ነው፤ በሥራ ሰዓት ሲስቅ የታየ ሰው አይደለም። ወንበሮቹን አየ፣ ደንቡን ገለጠ፣ ሁለት ጊዜ አነበበና "አይከለክልም" አለ።

ኢፍቱ ወንበሩን ከሥር እስከ ላይ ተመለከተችው። "አቦ ሽመክት! ጣሪያ ልታስቀባኝ ነው እንዴ ያመጣኸኝ?"

ኮሪደሩ ሳቀ። ያው ሳቅ። ድሬ ላይ ታላቅ ታናሽ የለም፣ ሁሉም "አንተ" ነው፤ ሽመክት ግን ሃያ ሁለት ዓመት ኖሮም "አንተ" ስትለው አንገቱ ይሞቃል። ኢፍቱ ጫማዋን አወለቀች፣ ወጣች፣ እግሯን እያወዛወዘች ተመቻቸች። ሒርሲ ጨርቆቹን መዝኖ አንገታቸው ላይ አሰረ። ሰባት ሰዓት ሆነ።

የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ሽመክት የጠበቀው ሙቀቱን ነበር። ከላይ፣ ከጭንቅላቱ አካባቢ፣ አሁን ይመጣል አሁን ይመጣል እያለ። አልመጣም። ኪሱ ውስጥ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ አብራው የኖረች ትንሽ ቴርሞሜትር አለች፤ ፈተና ላይ ክልክል ናት። ሰው ሳያይ እጁን ወደ ጆሮው አነሣና፣ የሚያክ መስሎ፣ በጣቶቹ መሐል አያት። ሃያ አምስት ትላለች። እንደገና አያት። ሃያ አምስት።

"ቧንቧውን ከፍ አድርገሽዋል" አለ ሳያስበው።

"አዎ" አለች ኢፍቱ። "ንድፉ ላይ ያለው ዓባሪ ላይ አለ። አላየኸውም?"

አላየውም። ዓባሪውን አላነበበውም። እሷን አውቃታለሁ ብሎ፣ ያንኑ ትደግማለች ብሎ፣ ያንኑ የአሥራ አንድ ዓመቱን ንድፍ ነበር ሲያነብ የሰነበተው።

"ኮንቴይነር ሰፈር ሄጄ ሁለት ሳምንት አብሬያቸው ዋልኩ" አለች፣ እንደ ጎረቤት ወሬ። "መሬት ላይ አይቀመጡም፤ ወለሉ ብረት ነው፣ ይፈጃል። ሦስት ደርብ አልጋ አላቸው፤ እዚያ ላይ ነው የሚውሉት፣ የሚበሉት፣ ልጆቻቸውን የሚያስጠኑት። አዲሱ ቤት ስትገቡ አልጋውን ትተዉታላችሁ ወይ ብላቸው አዴ ዘይቱና ልትመታኝ ተነሣች።" ኮሪደሩ ላይ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡትን ሴትዮ በአገጯ አመለከተች። ሰባ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል፤ ፌስታል ውስጥ የራሳቸውን ትራስ ይዘው መጥተዋል። "ስለዚህ እዚህ ቤት ቅዝቃዜው ሦስተኛው ደርብ ድረስ ይወጣል። በመስታወቱ ብዛት አይደለም። ውሃው የሚዞርበትን ሰዓት ለወጥኩት፤ ሌሊት ይዞርና ግድግዳውን ያበርደዋል፣ ቀን ግድግዳው ብርዱን ይሰጣል።"

ሽመክት ሰዓቱን በጭንቅላቱ አሰላው። ልክ ነው። ደግሞ ቀላል ነው፤ እሱ ራሱ ደብረ ብርሃን ላይ ለማሞቂያ ያደርገው የነበረ ነገር ነው፣ ገልብጣው ነው እንጂ። ሃያ ሁለት ዓመት በእጁ ነበር። ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ተቆጣ። ቢሆንም እስከዚህ ድረስ ደረቅ ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ የሽመክት አንገት ኩበት ነው።

ከዚያ ዓይኑ ኮሪደሩ ላይ ዘርፌን አገኛት።

ተኝታለች። ከአዴ ዘይቱና ጎን፣ በሰው ፍራሽ ጫፍ ላይ፣ ክንዷን ተንተርሳ ተኝታለች። አፏ ገርበብ ብሏል። ግንባሯ ላይ ያቺ ሁልጊዜ የምትኖረው ጭረት የለችም። ሽመክት ያንን ፊት ያውቀዋል፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ደብረ ብርሃን ላይ፣ እሱ ባሞቀው የመጀመሪያ ቤታቸው ውስጥ፣ ደጅ ብርድ እየጠዘጠዘ እሷ እንዲህ ነበር የምትተኛው። ከዚያ ወዲህ አላየውም። ጠፍቷል ብሎ፣ ዕድሜ ነው ብሎ ትቶት ነበር። ለካስ አልጠፋም። በየቀኑ፣ ከአምስት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ኢፍቱ ቤት ውስጥ ነበር።

ላቡ ያኔ ጀመረ። ከጆሮው ጀርባ አንዲት ጠብታ ወረደች። ሁለተኛዋ ተከተለች። ልቁም ቢል የሚቆም ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ባሰበት። ክፍሉ ሃያ አምስት ነው፣ እግሩ እየቀዘቀዘው ነው፣ ከአንገቱ በላይ ግን ይነዳል። ዓይኑን ከዘርፌ ላይ ሊያነሣ ሞከረ፤ ኢፍቱ ላይ አረፈ። እሷ እግሯን እያወዛወዘች ጣሪያውን ትመለከታለች፣ አንገቷ ላይ ያለው ጨርቅ ከሳጥን እንደወጣ ነው። ቀናሁ፣ አለ በልቡ። እግዚኦ፣ ምን ዓይነት ቅናት ነው ይሄ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለራሱ እንኳ ያላለውን ቃል ያኔ አለው። ማለቱ አላደረቀውም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሒርሲ ጨርቆቹን ፈትቶ ሚዛን ላይ አስቀመጠ።

"ነዳፊ፦ ሁለት ግራም" ብሎ ለሰው ሁሉ አሰማ። ኮሪደሩ ላይ እልል ሊል አፉን የከፈተ ነበር። "አጣማጅ፦ ሠላሳ አንድ ግራም።"

የተከፈተው አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

ኢፍቱ ከወንበሩ ወረደች። ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ ቆማ ሚዛኑን አየች፣ ከዚያ ሽመክትን፣ ከዚያ ደግሞ ሚዛኑን። ፊቷ አመድ መሰለ። ሽመክት ይህን ፊት ለማየት አሥራ አንድ ዓመት ጠብቋል። በሐሳቡ ስንቴ ስሎታል፤ በሐሳቡ ሁልጊዜ ደስ ይል ነበር።

"አሞሃል?" አለው ሒርሲ። "ካመመህ ተናገር። ፈተናው ይሰረዛል፣ በእሷ ላይ ቅጣት የለም፣ በሚመጣው ግንቦት ይደገማል። ካላመመህ ሙቀት ነው ብዬ እጽፋለሁ።"

በሚመጣው ግንቦት። ኮሪደሩ ላይ ያለቀሰ ሰው የለም፣ የለመነ ሰው የለም። ዘርፌ ነቅታ ቁጭ ብላለች፤ ባሏን ታያለች። አዴ ዘይቱና ትራሳቸውን ቀስ አድርገው ወደ ፌስታሉ መለሱ።

"አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እንወርዳለን" አሉ አጠገባቸው ላለችው ሴት። "ቤት የቀሩትን አንሶላውን ማን ነው የሚነክርላቸው? ደውዪ እስቲ።"

ሽመክት መንገድ ነበረው። አሞኛል ቢል ማንም አይጠራጠርም፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ፊቱ ላብ በላብ ነው። ኢፍቱም አትቀጣ፣ እሱም አይዋረድ። ስልሳ አራቱ ብቻ ወደ ኮንቴይነር ይመለሱ። አንድ ግንቦት ነው። አንድ ግንቦት ስንት ሰው ነው? ዘጠኝ። አሥር። ሽመክት በሕይወቱ ያሰላው ሒሳብ ብዙ ነው፤ ይህን ግን ጨርሶ ሊያሰላው አልቻለም።

"አላመመኝም" አለ።

"እሺ፣ ሙቀት" አለና ሒርሲ ብዕሩን አነሣ።

"ሙቀትም አይደለም። ክፍሉ ሃያ አምስት ነው።" ቴርሞሜትሯን ከኪሱ አውጥቶ ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠ። "ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። ቅጣቱን እቀበላለሁ።"

"መለኪያ አልቀበልም። ሙቀትም ሕመምም ካልሆነ ምንድን ነው?"

ሽመክት አሁንም ረጅሙ ወንበር ላይ ነው፤ መውረድ አልመጣለትም። ሁሉም ቀና ብሎ ያየዋል።

"ቅናት ነው" አለ።

ሒርሲ አልገባውም። "ምን?"

"ቅናት! ቅናት ነው ያላበኝ፣ በቃ!" ድምፁ ከጠበቀው በላይ ወጣ። "ወንበሩንም ያመጣሁት ለዚያ ነው። ልጥላት ነበር የመጣሁት። ቤቱ እንከን የለውም። እኔ... ከእሷ በፊት ላስበው የሚገባኝን ነገር ሁሉ እሷ ታስበዋለች። ሚስቴ እንኳ እሷ ቤት ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ያላበኝ በሙቀት አይደለም።"

ሒርሲ ደንቡን ገለጠ። ገጽ እያገላበጠ ረጅም ጊዜ ፈለገ። "አንቀጽ አሥራ ሦስት" አለ በመጨረሻ። "ላቡ ከቤቱ ውጭ በሆነ ምክንያት ከሆነ፣ ምክንያቱም በዓይን የማይታይ ከሆነ፣ ሰውየውን የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ያኔ የነዳፊው ጨርቅ ብቻ ይወሰዳል።" ቀና ብሎ ኮሪደሩን አየ። "አቶ ሽመክት በወይዘሮ ኢፍቱ የሚቀና መሆኑን የሚያውቅ ሰው አለ?"

ሽመክት ኮሪደሩን በዓይኑ ቃኘ። ከየት ይመጣል ምስክር? ዘርፌ አንድ ናት። ሁለተኛው ማን ነው? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ምናለ፣ አለ በልቡ፣ ምናለ አንድ ሰው እንኳ ቀድሞ ጠርጥሮኝ ቢሆን!

ዘርፌ እጇን አወጣች። "እኔ አውቃለሁ" አለች። ድምጿ የተቆጣም፣ ያዘነም አይደለም። "ከቀና አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።"

ቀጥሎ የማኅበሩ ጸሐፊ እጁን አወጣ። ከጸሐፊው ጎን ያለው አወጣ። ወንበሮቹን ተሸክሞ ያመጣው የባጃጅ ነጂ አወጣ። የዘርፌ እህት ጎረቤት የሆነች፣ ሽመክት በስም የማያውቃት ሴት አወጣች። "አቦ፣ ይህን የማያውቅ አለ እንዴ?" አለ አንዱ ከኋላ። እጅ በእጅ ላይ እየተነሣ ኮሪደሩን ሞላው። አዴ ዘይቱና ሳይቀሩ ትራሳቸውን በአንድ እጅ ይዘው ሌላውን አነሡ።

"እርስዎ ያውቁታል እንዴ?" አላቸው ሒርሲ።

"ዛሬ ነው ያየሁት። ወንበሩን ሲያመጣ ግን ፊቱን አይቻለሁ። ይበቃል።"

ሒርሲ ከሁለት በላይ መቁጠር አላስፈለገውም። ጻፈ። ቀጥሎ ብዕሩን ወደ ኢፍቱ አዞረ። "የሚቀናበት ወገን ቃል ይቀራል። ይህ ሰው እንደሚቀናብሽ ታውቂ ነበር?"

እጁን ያላወጣ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ግራ ተጋብታ ቆማለች፤ ጫማዋን በእጇ ይዛዋለች። ሽመክትን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተችው፣ የሆነ ቦታ አይታው ትዝ እንዳላላት ሰው።

"እኔ?" አለች። "ወላሂ አላውቅም።" ልትጨክንበት ፈልጋ አልነበረም፤ እንዲያውም ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ይቅርታ አድርግልኝ ሽመክት። ስለ አንተ አስቤ አላውቅም።"

ሒርሲ "አላወቀችም፣ አስባበትም አታውቅም" ብሎ ጻፈ። መዝገቡ ሁሉም በተሰበሰበበት ጮክ ተብሎ ይነበባልና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። ስልሳ አራቱ አልጋቸውን የት እንደሚያቆሙ እየተጯጯኹ ወደየክፍሉ ገቡ። ሽመክት ከወንበሩ ወረደ፣ ብዕሩን ተቀበለ፣ ከመጨረሻው መስመር ስር ትክክል ነው ብሎ ፈረመ።